ማዶ ሰው ያለበት ውሃ

ሱፒሪየር ሐይቅ ዳር፣ ኦንታሪዮ፣ ካናዳ
ኦክቶበር 17 ቀን 1926

ለማከብርዎትና ለምወድዎት አክስቴ ለኦይሪክ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። ይህ ወረቀት ድንችዎ ተቆፍሮ ገብቶ፣ ላምዎ ወልዳ፣ እርስዎም ከምድጃው አጠገብ ተደላድለው ተቀምጠው እንዲያገኝዎት ምኞቴ ነው። እኔ ጌታ ይመስገን ደህና ነኝ። የእርሻውን ሥራ ትቼ እንጨት ቆራጮች ዘንድ ገብቻለሁ። ሥራዬ ግንዱን በሐይቁ ላይ እያንሳፈፉ መንዳት ነው። አለቃችን ከሃሪስ ደሴት መምጣቴን ሲሰማ «አንተማ የባሕር ሰው ነህ፣ አትሰምጥም» ብሎ መደበኝ። መዋኘት እንደማልችል አልነገርኩትም።

እዚህ መሳቂያ ሆኛለሁ። በመጣሁ ሰሞን ውሃውን አይቼ «እንዴት ያለ ሎክ ነው» አልኩ። ሎክ ምንድን ነው ብለው ጠየቁኝ። ውሃ ነዋ አልኳቸው። እንዲህ መሬት የከበበው ነው? አዎ። ታዲያ በመንደራችሁ ከባሕሩ ተነሥቶ በተራሮቹ መካከል የሚዘልቀው፣ ሄሪንግ ዓሣ የምታጠምዱበትስ? እሱም ሎክ ነው። ጨው ያለውም የሌለውም? ሁለቱም። ከዚያ ሳላስበው በመንደራችን ከማርሳሊ ቤት በላይ ያለችውን ትንሿን ውሃ፣ ላም የምትጠጣባትን፣ ሰው በአንድ ዝላይ የሚሻገራትን ጨምሬ ነገርኳቸው። እነሱ ለሐይቁ አንድ ቃል፣ ለባሕር ክንድ ሌላ ቃል፣ ለኩሬው ሦስተኛ ቃል አላቸው። ከዚያ ቀን ወዲህ ሾርባ በቀረበ ቁጥር «ቶርሞድ፣ ሎክህ ቀዘቀዘ» ይሉኛል።

አክስቴ፣ ሄሪንጉ ገባ ወይ? ጀልባችንስ እንዴት ናት? ሌላ የምጠይቀው ሰው የለኝም። ግራጫውን ሱፍ ካልሲ ከጨረሱት ይላኩልኝ፤ የቀደመውን አይጥ በልቶታል።

ጌታ በዕድሜዎ ላይ ይጨምርልዎ።
የወንድምዎ ልጅ ቶርሞድ


ኤራዳል፣ ሃሪስ ደሴት፣ ስኮትላንድ
ዲሴምበር 9 ቀን 1926

ለወንድሜ ልጅ ለቶርሞድ፤

የሰማይ አባት በግንድ ላይ ያቁምህ እንጂ ከግንድ ሥር አያውልህ። እኔ ደህና ነኝ፤ ላሟ ወልዳለች፤ ድንቹም ከመበስበስ የተረፈው ገብቷል። ሰላምታዬ እዚህ ላይ አበቃ፤ አሁን ልቆጣ።

መዋኘት የማትችል ሰው ግንድ ላይ ምን ያንጠለጥልሃል? ሁለተኛ፣ ሌላ የምጠይቀው ሰው የለኝም ብለህ ጽፈሃል። የጀልባ ባልንጀራህ አለ፤ ስሙ ላክላን ነው። ብትጽፈው እጅህ አይቆረጥም።

ሄሪንጉን ጠይቀሃል። የለም። አንተ የላክላንን አፍንጫ መትተህ ደሙ ሎኩ ውስጥ ከፈሰሰ ወዲህ አንዲት ቅርፊት አልታየችም። ሰው ተጣልቶ ደም ያፈሰሰበትን ሎክ ሄሪንግ ደጁን እንደማይረግጥ ሕፃን እንኳ ያውቃል። ጠባችሁስ ምን ነበረ? መረቡ ከሎኩ አፍ ይጣል ወይስ ከውስጥ! በዚያን ቀን ዓሣው ሞልቶ ስለነበር ባርኔጣችሁን ብትጥሉም ይሞላ ነበር። አሁን ሰው ሁሉ ድንቹን ያለ ሄሪንግ ሲበላ ያንተን ስም እንደ ጨው ይነሰንስበታል።

ጀልባችሁ ከግንቡ ሥር ተገልብጣለች። የሁለት ሰው ጀልባ ሁለቱ ሳይታረቁ ውሃ እንደማትነካ ታውቃለህ። ላክላንም ይህን አያፈርስም፤ በሰው ጀልባ ተቀጥሮ ይሄዳል፤ ሲመለስ ግን በእሷ አጠገብ አያልፍም፤ በላይኛው መንገድ ይዞራል። ሌላ አንድ በጋ እንዲሁ ከከረመች ፀሐዩ ሳንቃዋን ይከፍተዋል። ያን ጊዜ ለማገዶ ካልሆነ ለምንም አትሆንም። እሷን ስትሠሩ ሁለታችሁም በአንድ ሳህን ትበሉ እንደነበር እኔ ነኝ የማውቀው፤ ሳህኑ የእኔ ነውና።

ባለፈው ሳምንት እኔ ቤት የተሸመነው የሱፍ ጨርቅ ጠብቦ እንዲወፍር ተመታ። የላክላን እናት ማርሳሊና እኔ ከአፍንጫው ቀን ጀምሮ አንነጋገርም። ጨርቅ ሲመታ ግን ፊት ለፊት ነን፤ እርጥቡን ሱፍ በሳንቃው ላይ እሷ ወደ እኔ ትገፋዋለች፣ እኔ ወደ እሷ እመልሰዋለሁ፣ ዘፈኑንም አብረን እናወጣለን። ሳይነጋገሩ መዝፈን ይቻላል። ሽማግሌው ያካን ምድጃው ጥግ ቁጭ ብሎ ሲሰማን ቆየና በአያቱ ዘመንም እንዲህ ያለ ነገር ደርሶ እንደነበር አወራን። የተጣሉት ሁለቱ ሰዎች አንድ ገመድ ተካፈሉ። እያንዳንዱ የራሱን ጫፍ በሎክ ውሃ ነክሮ በራሱ እጅ ጎነጎነው፤ ከዚያ ሁለቱ ቀጠሉትና የመረቡ ራስ ገመድ አደረጉት። ሄሪንጉም ገባ።

እኔም አንገቴን ሳላቀና ለጨርቁ ነገርኩት፤ አንደኛው ሰው ካናዳ ቢሆንስ? ማርሳሊ ለጨርቁ መለሰች፤ ገመድ በፖስታ አይላክም ያለ አለ?

እንግዲህ ሰምተሃል። ካልሲው በዚህ ውስጥ አለ።

አክስትህ ኦይሪክ


ሱፒሪየር ሐይቅ ዳር
ፌብሩወሪ 20 ቀን 1927

ለውድ አክስቴ ለኦይሪክ፤

በመጀመሪያ ለጤናዎ ጌታን አመሰግናለሁ። ለካልሲውም እርስዎን። እዚህ ብርዱ ሲያይል ጺም ይሰበራል፤ ካልሲው ባይደርስልኝ ኖሮ ጣቶቼን እዚሁ ቀብሬ ነበር የምመጣው።

ከዚህ ጋር ገመድ ልኬያለሁ። ከእንጨት ቆራጮች ጣቢያችን የተገኘ ጥሩ ገመድ ነው፤ በሽርጥዎ አይጠቅልሉት፣ ሬንጅ አለው። በአንደኛው ጫፍ በእጄ ጎንጉኜ እንደ ቀለበት ያለ ዓይን አበጅቼለታለሁ። ሌላውን ጫፍ ሌላ ሰው እንዲጎነጉነው ክሩን ፈትቼ ትቼዋለሁ። በረዶውን በመጥረቢያ ከፈልኩና ሐይቁ ውስጥ ነከርኩት። አለቃችን መጥቶ ምን እያጠመድክ ነው አለኝ። ከሃሪስ ደሴት አንድ ሰው ብዬ መለስኩለት። በዚያን ቀን ሥራ እንዳልይዝ አደረገኝ፤ ብርዱ ራሴን የመታኝ መስሎት።

ውሃው ማዶ የለውም፤ እስከ ሰማይ ነው የሚሄደው። ይህን የምነግርዎ ምን ያህል ትልቅ ሎክ ውስጥ እንደነከርኩት እንዲያውቁ ነው። ለላክላን ይስጡልኝ። ይኸው ስሙን ጻፍኩ፤ እጄ አልተቆረጠም።

ትንሽ የደረቀ የባሕር አረም ይላኩልኝ። ልበላው ሳይሆን ላሸትተው ነው።

ልጅዎ ቶርሞድ


ኤራዳል
ኤፕሪል 11 ቀን 1927

ለቶርሞድ፤

ጌታ እንደ ሩቅነትህ ሳይሆን እንደ ናፍቆቴ ይጠብቅህ። ገመድህ ደረሰ። ፖስታ ቤቱ ሬንጅ ሬንጅ ሸተተና ሦስት ድመቶች ተከትለውኝ መጡ።

ገመዱ ግን ገመድ ብቻ ሆኖ ቀረ። አንተው በገዛ እጅህ ነው ያበላሸኸው። ደብዳቤህን ጨርቅ ስንመታ አነበብኩላቸው፤ አንተም እንደምታውቀው የባሕር ማዶ ደብዳቤ የመንደሩ ሁሉ ነው። «ማዶ የለውም» የሚለው ጋ ስደርስ ማርሳሊ እጇን ከጨርቁ አነሣች። ማርሳሊ ዘፈን ሳያልቅ እጇን አንሥታ አታውቅም።

«እንግዲያውስ ሎክ አይደለም» አለች።

ቤቱ ተከፋፈለ። መምህራችን ማክአስኪል ልብሱን ሊወስድ መጥቶ ነበርና መዝገበ ቃላቱን አምጣ ተባለ። እሱም በደስታ ሮጦ አመጣው። ሎክ ማለት ሐይቅ፣ ደግሞም ባሕር ወደ ምድር የሚሰድደው ክንድ ነው ይላል። ማርሳሊ መጽሐፉ ልክ ነው፣ ግን መጽሐፉ አልጨረሰውም አለች። ማዶው የማይታይ ከሆነ ባሕር ነው፤ ባሕር ውስጥማ መርከብ ላይ የተሳፈረ ሁሉ ገመድ ነክሯል፤ ያ ዕርቅ አይባልም።

ያካን ታዲያ ሎክ ምንድን ነው ብሎ ጠየቃት።

«ሎክ ማለት ከዚህ ማዶ ሆነህ ስትጣራ ከዚያ ማዶ አቤት የሚልህ ሰው ያለበት ውሃ ነው» አለች። «እነዚያ ሁለቱ ሲደባደቡ እኔ በማዶ ቆሜ ጉሮሮዬ እስኪዘጋ ስማቸውን ተጣርቼ ነበር። አንዳቸውም አቤት አላሉኝም። ሎኩን ያበላሸው ደሙ አይደለም።»

እንግዲህ ይህን ነበር ስትጎነጉን የከረመችው። ከዚያ የጎረቤታችን ልጅ ኪርስታክ፣ አፏ የማያርፍ፣ ከቤትሽ በላይ ባለችው ሎክ ማዶ ታዲያ አቤት የሚልሽ ማን ነው ብላ ጠየቀቻት። ማርሳሊ ቅንድቧን እንኳ ሳታነሣ ላሜ ናት አለች። እንዲህ የሳቅነው ከጦርነቱ ወዲህ አላስታውስም፤ ጨርቁ በሳቅ ብዛት ጠበበ ብለው ያሙናል። እኔና እሷም ሳናስበው እየተያየን ስንስቅ ተያዝን። ወዲያው ፊታችንን መለስን።

ገመዱ አሁን ማርሳሊ ቤት ምስማር ላይ ተሰቅሏል። ላክላን አልነካውም፤ አልጣለውምም። አቤት የሚልህ ሰው ያለበት ውሃ ፈልግና እንደገና ንከር ተብለሃል። በጋው እየመጣ ነው፣ ጀልባዋም ከፀሐይ ጋር አትወዳደርም።

የመነጽሬ አንድ እግር ተሰብሮ በክር አስሬዋለሁ፤ ጽሑፌ ወደ አንድ ጎን ካዘመመ ጥፋቱ የእሱ ነው። አረሙ ይኸውልህ።

ኦይሪክ


ሱፒሪየር ሐይቅ ዳር
ጁን 26 ቀን 1927

ለምወድዎት አክስቴ ለኦይሪክ፤

ጤና ይብዛልዎ፤ መነጽርዎም ሁለት እግር ያግኝ። አረሙን ትራሴ ሥር አስቀምጬዋለሁ፤ አብሮኝ የሚተኛው ዩክሬናዊ ግን ክፍል ቀይሮ ሄደ።

ሎክ አገኘሁ።

ከጣቢያችን በስተምሥራቅ ሐይቁ ወደ ጫካው ውስጥ ይገባል፤ ጠባብ ነው፣ ሁለቱም ዳር ድንጋይ ነው። ማዶው ላይ ጢሱ ከጭስ ማውጫው የሚወጣ ቤት አለ። እሁድ ጠዋት አዲስ ገመድ ይዤ ሄድኩና አገር ቤት ጀልባ እንደምንጣራው እጄን አፌ ላይ አድርጌ ተጣራሁ። ደግሜ ተጣራሁ። ከማዶ አንድ ረጅም ድምፅ መጣ። ምን እንዳለ አልገባኝም፣ አቤት ማለት እንደሆነ ግን ገባኝ።

ቀዝፋ የመጣችው ሄልሚ የምትባል ፊንላንዳዊት ናት። ከወንድሟ ጋር ዓሣ ታጠምዳለች፤ ወተትም ለእንጨት ቆራጮቹ ትሸጣለች። ቋንቋዬን አታውቅም፣ ቋንቋዋን አላውቅም፤ በሚያገናኘን ቋንቋ ደግሞ ሁለታችንም ሕፃናት ነን። ገመዱን ስነክረው ቆማ አየችኝ። ከዚያ ልመልስሽ፣ ልቅዘፍልሽ አልኳት። እንቢ አለች። እኔም እንቢ አልኩ። በመጨረሻ አንድ አንድ መቅዘፊያ ተካፈልን፤ እሷ ከእኔ ትበረታለችና ጀልባዋ እንደ ውሻ እየዞረች ጅራቷን ስትከተል ዋለች። ወንድሟ ዳር ላይ ቆሞ በሳቅ ፈነዳ። የጨሰ ዓሣ አበሉኝ። ሄሪንግ አይደለም፣ ግን ዘመዱ ነው።

አዲሱ ገመድ እነሆ።

አክስቴ፣ ከዚህ በታች ያለውን ለማንም አያንብቡት። ወደ ጣቢያ ስመለስ ጫካው ጫፍ ላይ ብቻዬን ቆምኩ። ፊቴን ወደ ምሥራቅ አዞርኩና ላክላን ብዬ ተጣራሁ። ሦስቴ፣ ባለኝ ድምፅ ሁሉ። ማርሳሊ ስትጣራ የሰማሁ ይመስለኛል ያን ቀን፤ ሰምቼ ነው አቤት ያላልኳት። ዘንድሮ ናፍቆኛል፣ ያ አፍንጫ ረጅም። ዛፉ ላይ የነበረች ወፍ ተነሥታ ሄደች፣ ሌላ የመለሰልኝ የለም።

ልጅዎ ቶርሞድ


ሱፒሪየር ሐይቅ ዳር
ኦገስት 28 ቀን 1927

አክስቴ፣

ጤናዎን እጠይቃለሁ፤ የምሬን እጠይቃለሁ። ጁን ላይ ከጻፍኩልዎ ወዲህ ቃል የለም። ፖስተኛው ሲመጣ ሠራተኞቹ ሁሉ ፊቴን ነው የሚያዩት። ገመዱ ጠፋ? ታመሙ? ወይስ ጀልባዋ ተከፈተችና ሊነግሩኝ አልደፈሩም? ምንም ይሁን ይጻፉልኝ። ካልሲም አልፈልግ፣ አረምም አልፈልግ።

ሄልሚ እናንተ አገር ሰው ደብዳቤ የሚልከው በዓሣ ጀርባ ላይ ነው ወይ ትላለች። ቋንቋው እየተሻሻለ ነው።

ቶርሞድ


ኤራዳል
ሴፕቴምበር 19 ቀን 1927

ለወንድሜ ልጅ ለቶርሞድ፤

ጌታ የቸኮለ ልብህን ያሳርፍልህ። አልታመምኩም። መነጽሬ ከነክሩ ሱፍ የምንዘፈዝፍበት በርሜል ውስጥ ገባ፤ በርሜሉ ውስጥ የሰው ሽንት እንደሚጠራቀም ታውቃለህና ማንም እጁን አልሰደደልኝም። አዲስ መነጽር ከታርበርት ከተማ እስኪመጣ ዓይነ ስውር ነኝ። ይህን የሚጽፍልኝ ሌላ ሰው ነው። (እኔ ማርሳሊ ነኝ። እንዳለችው እጽፋለሁ፤ ውሸት ካለ ግን አርማለሁ።)

የጁኑ ደብዳቤህ ከነገመዱ ሲደርስ የሚያነብልኝ ፈለግሁ። መምህሩ ለዕረፍት ሄዷል። ኪርስታክ ካነበበችው ከመንደር አልፎ ለመርከብ ይዳረሳል። የቀረው አንድ ቤት ነው። ሄጄ ደጃፏ ላይ ቆምኩና ማርሳሊ አልኩ። እሷም አቤት አለች። (ስጠራ ዝም አልልም፤ እንደ አንዳንድ ሰው አይደለሁም።) እንዲህ ሆኖ ነው መነጋገር የጀመርነው።

ላክላን በሩ ጥግ ተቀምጦ መረብ ይጠግናል። እሷ ታነባለች። ሎኩ ጋ ስትደርስ ራሷን ነቀነቀች። መቅዘፊያው ጋ ስትደርስ ሳቀች። «ለማንም አያንብቡት» የሚለውን ጮክ ብላ አነበበችው፤ መቼም ሳታነብ የት ታውቀዋለች። ከዚያ ማቆም አልቻለችም፣ እስከ መጨረሻው ሄደች። ሰምቼ ነው አቤት ያላልኳት ያልከው ጋ ድምፅዋ ተሰበረ። (ጢስ ነበረ።) ጢስ አልነበረም። ላክላን መረቡን አስቀመጠና ገመዱን ከእናቱ ጉልበት ላይ አንሥቶ ወጣ።

ወጥተን ስናይ ጀልባዋ ሥር ተቀምጦ ጫፉን በሎኩ ውሃ ነክሮ ይጎነጉናል። ጣልቃ እንዳንገባ እጁን አወዛወዘብን። ጀልባዋ በየስፌቷ ፀሐይ ይታይባት ነበር፤ ልብህ እንዳይሰበር ነው ያልጻፍንልህ። ጎትተን ጥልቅ ወዳልሆነው ውሃ አገባናት፣ ወዲያውም ሞልታ ሰመጠች። መንደሩ ዳር ላይ ቆሞ ያያል። ያካን ተዉአት፣ ትጠጣ አለ። ሳንቃዋ እስኪያብጥ ጠጣች። ከዚያ ቀድተን ስናወጣላት ተንሳፈፈች፤ ጠብታ አላስገባችም። እኔና ማርሳሊ ተቃቅፈን አለቀስን። (ይህ እውነት ነው።)

መረቡ በሁለታችሁ ገመድ ታስሮ ሎኩ ውስጥ ተጣለ። የመጀመሪያው ቀን አረም ብቻ ያዘ፤ ሁለተኛው ቀን የሰው ጫማ። ሰው ሁሉ ያካንን በክፉ ዓይን ማየት ሲጀምር፣ ሐሙስ ጠዋት ሎኩ ላይ ወፎቹ እንደ በረዶ ወረዱ። ሄሪንግ! ሎኩ ከአፍ እስከ ውስጥ ብር ሆነ። ሕፃን ሽማግሌ ሳይቀር ሽርጡን፣ ቅርጫቱን፣ ባርኔጣውን ይዞ ወረደ። መምህሩ ከዕረፍት ሲመለስ ሄሪንጉ ዘንድሮ በጠረፉ ሁሉ ገብቷል፣ ከገመዱ ጋር አይገናኝም ብሎ ነገረን። ይግባ፤ ወደ ሌላው የገባበትን ምክንያት ሌላው ይወቅ። ወደ እኛ የገባው በገመዱ ነው። ደግሞም መምህሩ ራሱ ሁለት ባልዲ ወስዷል።

በጨርቁ ዘፈን አንተን ከሄልሚ ጋር ድረንሃል። ኪርስታክ ናት ያወጣችው፤ መቅዘፊያውም አለበት። በሚመጣው በጋ ይዘሃት ና፤ ሁለቱንም መቅዘፊያ ለእሷ ስጣት። በርሜል ሄሪንግ ጨው አድርጌ አስቀምጬልሃለሁ።

አክስትህ ኦይሪክ

ላክላን ብዕሩን አምጡ ብሏል። ከዚህ በታች ያለው የእሱ ነው፤ አላነበብነውም። (አንብበነዋል።)

ቶርሞድ፤

አቤት።

ሦስቴ መጣራት ምን አስፈለገ፣ ደንቆሮ አይደለሁም። አጎነጓጎንህ ዛሬም አስቀያሚ ነው፤ ግን ይዟል። መረቡን ከሎኩ አፍ ነው የጣልኩት፣ አንተ እንዳልከው። የጀልባዋ የፊተኛው መቀመጫ ባዶ ነው፤ ማንም አልተቀመጠበትም።

ላክላን